ደምሴ ያደነዘው ስለት

ናሆም ቦርሳውን ሶፋዬ ላይ ጥሎ ዚፑን ሲከፍተው ነው ሽታው የመጣብኝ። የደረቀ ደምና የፈርስ ሽታ፣ ላዩ ላይ የረጠበ ሸራ የታከለበት። አቃቂ ለሚኖር ሰው ግማት ብርቅ አይደለም። ወንዙ ዛሬ ዛሬ ክረምት ከበጋ ይሸታል፤ ጠዋት መስኮት ስከፍት ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ነው። እሱን ግን እንደ ክፉ ጎረቤት ለምጄዋለሁ። ይሄኛውን ካሸተትኩት ዘመን የለውም፣ ገና ብቅ ሲል ግን አወቅኩት። ሆዱ የተወጋ አጋዘን ነው። "አንተ፣ ምንድነው ቤቴ ያስገባኸው?" ስለው፣ "የሥራ ዕቃ ነው እማማ፣ ትንሽ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው" አለኝ እየሳቀ። ትንሽ! ሩት፣ "ሽታ" እያልሽ እንዳታሳምሪው፤ ግማት ብለሽ ጻፊው።

ናሆም የልጄ የአልማዝ ልጅ ነው፣ የዚች የምትጽፍልኝ የሩት ታላቅ ወንድም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን እየተሸከመ ደረጃ የሚወጣበት። ሥራው ፈረንጆችን ወደ ባሌ ተራራ ይዞ መሄድ ነው፣ ለአደን። ድንኳን ይተክላል፣ ዱካ ይከተላል፣ የሞተውን ቆዳ ይገፋል። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያዋ ቀርቧል፣ ክርስትና አለብን። እና ያን ቀን ከቦርሳው የፕላስቲክ ሳጥን አወጣና እኔ ምሳ የምበላበት ጠረጴዛ ላይ ደረደረልኝ። ቀስት ጫፍ ላይ የሚሰካ ስለት ነው። አንዱ ሰፊ ነው፣ እንደ ጌሾ ቅጠል፣ ሁለቱም ጎኑ ምላጭ። አንዱ ቀጭን፣ ከስፌት ወስፌ ትንሽ የሚወፍር። አንዱ ደግሞ ተጣጥፎ ይሄድና ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል አለኝ። ቀፈፈኝ። ጃንጥላ! አንድ ሰው ልጆቹን አብልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ቁጭ ብሎ ይሄን አስቧል ማለት ነው።

"የሚመጣው ፈረንጅ አጋዘን በቀስት ወግቶ አያውቅም" አለኝ ናሆም። "የቱ ይሻላል ብሎ እኔን ነው የጠየቀኝ። እኔ ቀጭኑን ነው የምለው።"

"ለምን ቀጭኑን?"

"እንደ አባባ ደምሴ ነዋ!" ዓይኑን ጠቀሰኝ። "ሰፊው ትከሻው አጥንት ላይ ይቆማል እለዋለሁ። በቀጭኑ ከተወጋ ቶሎ አይሞትም፣ እኔ ደርሼ በስመ አብ ብዬ አርደዋለሁ። እሱ ቀንዱን ይወስዳል፣ እኛ ሥጋውን። ለክርስትናው በሬ መግዛት ቀረልን ማለት ነው እማማ!"

ሩትም ሳቀች። አዎ ሳቅሽ፣ እሱንም ጻፊው። አልፈርድባችሁም፣ በዚህ ቤት የደምሴ ብልጠት በየበዓሉ እየተነሳ ሲሳቅበት ነው ያደጋችሁት። እኔ ግን አልሳቅኩም። ልጁ ሰኞ ሊሄድ ነው። ያ ሥጋ ሁለተኛ ደጄን እንዲረግጥ አልፈልግም፤ ደግሞ ሌላ አጋዘን እንደዚያኛው እንዲሞት፣ ያውም በልጅ ልጄ ምክር፣ አልፈልግም። "ሳጥኑን ዝጋና ቁጭ በል" አልኩት። "አያትህ ያልነገረህን እኔ ልንገርህ።"

ያን ጊዜ አቃቂ አቃቂ ነበር። ባቡሩ ሲጮህ ነበር ድስት የምንጥደው፣ ሰዓት ማን ነበረው። ከጣቢያው እስከ ድልድዩ የሚሄደው ጋሪ ነው፤ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሱ ግንባር ላይ ቀይ ክር ያስሩና የሚያልፍ የሚያገድመውን ሴት ሁሉ ይለክፋሉ። አሁን እዚያው ጋ ባጃጅ ተኮልኩሎ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል፣ ለከፋ እንኳ የሚያውቅ የለም። የፋብሪካ ሰው ሲወጣ መንገዱ በሰማያዊ ቱታ ይሞላል። ጨርቃ ጨርቅ የሚሠሩት ሴቶች የጥጥ ብናኝ ፀጉራቸው ላይ ሰፍሮ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ሽበታም መስለው ይመጣሉ። እኔ ናይለን ሻሽ ነበረኝ፣ አረንጓዴ፣ ደምሴ ከመርካቶ ያመጣልኝ። በሽልንግ ዳቦ ተገዝቶ ቤተሰብ ቁርስ ይበላበታል። ሬዲዮ ያለው ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው፤ የስልጤ ሰው ነው፣ ዛሬ ሱቁን የያዘው የከድር አባት። ባቡር ጣቢያ ቆማ የቀረባትን ሰው የምትጠብቅ ልጅ የምትዘፍነው አንድ ዘፈን ነበር፣ እሱ ሲመጣ ሸምሱ ስኳር መመዘኑን ያቆማል፣ እኛም ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመን እንጠብቃለን። ዘፈኑን ዛሬም አንጎራጉረዋለሁ። ግን ልክ ጣቢያው የሚለው ስንኝ ጋ ስደርስ በባቡር የመጣብን ያ ፈረንጅ ትዝ ይለኝና አፌ ይመረኛል።

ባለቤቴ ደምሴ ብረታ ብረት ፋብሪካ ነበር የሚሠራ፣ ብረት ይሞርዳል፣ ይስላል። ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር፣ ሁላችንም "ሚስተር" ነው የምንለው። ጠመንጃ እያለው በቀስት ነው የሚያድነው። የጠመንጃማ ጩኸት ነው፣ በቀስት ግን እንስሳው አጠገብ ድረስ ተጠግተህ ትንፋሹን ትሰማለህ ይል ነበር አሉ። እኔ ይሄን ስሰማ፣ ትንፋሹን ከሰማህ በኋላ ነው የምትወጋው? ብዬ ነበር ለራሴ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለቶቹን ተሸክሞ ደምሴ እንዲስልለት ቤታችን ይመጣል። መሳሉን የሚያውቀው የክንዱን ፀጉር ላጭቶ ነው። ቀይ ፀጉሩ ገበታዬ ላይ ይረግፋል፣ እንጀራ በሚቀርብበት! እሱ እፍ ይልና ይስቃል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ ስለት በምላሱ ይነካዋል። አንዳንዱ ስለት ካለፈው አደን ደም ተጋግሮበት ይመጣል፣ እኔ ነኝ በፈላ ውሃ የምቀቅለው። ድስቱን በኋላ ለምንም አልተጠቀምኩበትም፣ ለውሻ ማብሊያ አደረግኩት።

አልማዝን የወለድኩት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት። አማቴ እትዬ በላይነሽ ከመጀመሪያውም አልወደደችኝም። "ልጄ የፋብሪካ ሰው ሆኖ ማንም የማያውቃትን አገባ" እያለች በየለቅሶ ቤቱ ታወራለች። እና ክርስትናው ለኔ ፈተና ነበር፤ ድግሱ ካማረ ሰው እሆናለሁ፣ ካላማረ ዕድሜ ልኬን ወሬ ነኝ። በሬ መጣል ደግሞ የሚታሰብ አልነበረም። "አታስቢ አስኩ" አለኝ ደምሴ፤ አስካለ ነው ስሜ፣ እሱ ግን አስኩ ነው የሚለኝ። "ሚስተር ለአጋዘን ሊሄድ ነው፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። እሱ የሚፈልገው ቀንዱን ነው። ሥጋው የኛ ነው።"

ችግሩ መታረዱ ነበር። የዛሬ ልጆች ሥጋውን ከሱቅ በላስቲክ ስለምታመጡት ይሄን ነገር አታስቡትም። እኛ ጋ ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፣ ክርስቲያን አይቀምሰውም። አውሬም ቢሆን ነፍሱ ሳትወጣ ተደርሶ፣ በስመ አብ ተብሎ፣ አንገቱ ላይ ቢላ ማረፍ አለበት። ሚስተር ደግሞ ሲያደባ ማንንም አያስጠጋም፤ ደምሴን ከኋላ ርቀህ ቆይ ይለዋል፣ ቅጠል እንዳትረግጥብኝ ብሎ። ከዚያ ሁሉ ርቀት ሮጦ እስኪደርስ፣ በሰፊው ስለት የተወጋ አውሬ ደሙ እንደ ቧንቧ ወርዶ ያልቅና ይሞታል። በቀጭኑ የተወጋ ግን ደሙ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ይሄዳል። ይቆያል።

ሚስተር የሚወደው ሰፊውን ነበር፤ እሱስ ቢሆን የሚሻለውን አውቆ ነበር። ደምሴ ግን "የአጋዘን ትከሻ ብረት ነው፣ ሰፊው አይገባም" አለው። "እንሞክር" አለ ሚስተር። ሊሞክሩ የተስማሙት ለቅዳሜ ነው፤ በዋዜማው ዓርብ ደምሴ ከፋብሪካ ሲመጣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰፊዎቹን ስለቶች ሲፈትግ አየሁት። የሚስል መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ጠርዙን ወደ ድንጋዩ ቀጥ አድርጎ ነው የሚያሸው።

"ምን ታደርጋለህ ደምሴ? ሰው ይስላል፣ አንተ ታደነዛለህ?"

"ለልጄ ክርስትና ነው።"

"እንስሳውስ ምን አደረገህ? ቁስሉን ይዞ ሲዞር ሊውል?"

አማቴ ከውስጥ ሰማችኝ። "አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ጡትሽን አጥቢ! አጋዘኑ ዘመድሽ ነው እንዴ?"

ቅዳሜ የበሬ ወርች ከነአጥንቱ፣ ከነቆዳው ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀሉ። ፀሐይ ነበረች። ዝንቡ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ወርቹ ጠቆረ። ሚስተር ደጋኑን ስቦ ሰፊውን ለቀቀ፤ ደነዝ ነዋ፣ አጥንቱ ላይ ጓ ብሎ ቀረ። ቀጭኑን ለቀቀ፤ ደምሴ ምላጭ አድርጎ የሳለው፣ በዚያኛው በኩል ብቅ አለ። ሚስተር ደምሴን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ በዚያ በተኮላተፈ አማርኛው "ደምሴ ጎበዝ! ቀጭን ጥሩ!" አለ። በየበዓሉ የምትስቁት እዚህ ጋ ነው። እኔ በማግስቱ ወርቹን አውርጄ ውሻው ጋ ስጥለው ከአጥንቱ ሥር ትል ወደቀ፣ እጄን በአመድ ነው ያሸሁት።

ሄዱ። ከተመለሱ በኋላ ደምሴ የነገረኝ ቁንጽል ቁንጽሉን ነው። ሚስተር ትከሻውን ስቶ ሆዱን ወጋው። አጋዘኑ ተነስቶ ሄደ። ያን ቀን ሙሉ በደሙ ዱካ ተከተሉት፣ ደሙ ጠብ ጠብ እያለ፣ ከደሙ ጋር ፈርስ እየወረደ። መሸባቸው። በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል አስታ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ አገኙት፣ ነፍሱ አልወጣችም። ደምሴ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ አረደው። "ታርዷል፣ ንጹሕ ነው" አለን ቤት ሲገባ፣ ጆንያውን በሁለት ሰው አሸክሞ።

ጆንያውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሩት፣ ይሄን ስትጽፊ አፍንጫሽን ያዥ። ሥጋው ጠቁሯል፣ ያሙለጨልጫል፣ እንደ ቀይ ሥጋ ሳይሆን እንደ ጉበት ነው። ቀን ሙሉ ሲሮጥ፣ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ እንስሳ ሥጋ እንደዛ ነው። የሆዱ ፈርስ ፈሶ እያንዳንዱ ጅማት ውስጥ ገብቷል። በሎሚ አጠብኩት፣ በጨው አሸሁት፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ኮሰረቱን ያለኝን ሁሉ ከተትኩበት። ድስቱ ሲፈላ ግማቱ ከቅመሙ በላይ ተነሳ፣ ጣራው ስር ተንሳፈፈ። "እትዬ፣ ይሄ ለሰው አይቀርብም" አልኳት አማቴን። "የታረደ ሥጋ ነው፣ የምን ማሽሟጠጥ ነው! አውጪና አቅርቢ" አለችኝ። እሷም ግን ስትናገር በአፏ ነበር የምትተነፍሰው።

አቀረብኩ። ነጭ ልብስ ለብሼ፣ ያቺን አረንጓዴ ሻሼን አስሬ፣ ልጄን ክርስትና ላስነሳ በወጣሁበት ቀን። ቄሱ ከመሶቡ ገና ሳይጠጉ "እኔ እንኳ ሱባኤ ላይ ነኝ" አሉ፣ ፍስክ ነው እንግዲህ። የአልማዝ ክርስትና እናት ጨዋ ናት፣ ጎረሰች። ጉርሻው ጉንጯ ውስጥ እንደቀረ ሁለት ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ቀስ ብላ ተነስታ ከጓሮ ሄደች፣ ስታስመልስ ድንኳኑ በሙሉ ሰማት። ሌላው እንጀራውን ብቻ ይቆርሳል። ጋሽ ሸምሱ ስኳር ይዞ መጥቶ ከበር ላይ ተቀምጧል። "ደምሴ" አለ፣ "እኔ በናንተ ቢላ የታረደ አልበላም፣ ታውቃለህ። ዛሬ ግን እናንተም እኔ ሃይማኖት ውስጥ የገባችሁ ትመስላላችሁ፤ አንድም ሰው ሲጎርስ አላይ!" ሰው ሁሉ ተንጫጫ፣ ሳቀ። አማቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ደምሴ ግን ተነሳ። መሶቡ ፊት ቆሞ፣ እኔን እኔን እያየ፣ ጎረሰ። ደገመ። ላብ በግንባሩ እየወረደ ሳህኑን ሙሉ በላው፣ ሰው ሁሉ እያየው። ከዚያ "ምን አለው? ጥሩ ነው!" አለ። ጥቂት ቆይቶ ሽንት ቤቱ ኋላ አገኘሁት፣ ግድግዳውን ይዞ፣ አረንጓዴ እያስመለሰ። አዘንኩለት እንዳልል ዘገነነኝ። ዘገነነኝ እንዳልል ባሌ ነው። ውሃ አምጥቼ አፉን አጠብኩት። ያን ሻሽ ሦስቴ አጠብኩት፣ ግማቱ አልለቀቀውም፣ አቃጠልኩት።

ከዓመታት በኋላ ነገሩ ወደ ቀልድ ዞረ። ደምሴ ራሱ ነው ያዞረው። አንድ ሁለት ሲቀምስ "ፈረንጁን እንዴት እንደሸወድኩት!" ብሎ ይጀምራል፣ ድንጋዩን፣ ወርቹን፣ "ቀጭን ጥሩ!" የሚለውን ይነግራል፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ወሬውን ሁልጊዜ ቢላው ጋ ሲደርስ ያቆመዋል። ናሆምም የሰማው እስከዚያ ድረስ ነው። እኔ እስከ መጨረሻው የሰማሁት ደምሴ ሊሞት ሰሞን ነው። አልጋው ላይ ሆኖ፣ ምሳ ላጎርሰው ስል፣ ዝንብ ሳህኑ ላይ አረፈ። ማንኪያውን በእጁ መለሰው። "አስኩ" አለኝ፣ "ዓይኑ ላይ ዝንብ ሰፍሮበት ነበር። ሳይሞት። ያርገበግባል፣ ዝንቡ አይሄድም። ደግሞ ያርገበግባል። እኔ ነኝ ያስጠበቅኩት።" ከዚያ ወዲያ ስለሱ አንስቶ አያውቅም፣ ምሳውንም አልበላ።

ይሄን ስጨርስ ናሆም መሳቁን ትቶ ነበር። "አባባ እንደዚህ አላለንም" አለኝ።

"አይልማ።" ሳጥኑን ከፈትኩና ያን ሰፊውን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ አወጣሁት። መንካቱ እንኳ ይቀፈኛል። "ይሄ ነው። ለሰውዬው ይሄን በለው። በደንብ ይሳል። እየላጨም ይሞክረው፣ እየላሰም ይሞክረው፣ በኔ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይሁን።"

"እማማ፣ እንደዛ ከሆነማ ሳልደርስበት ይሞታል። በክት ይሆናል። ያ ሁሉ ሥጋ ለጅብ?"

"ለጅብ ይሁን! ጅብ ክርስትና ጠርተሽ አስገማሽብኝ አይለኝም።"

"ለልጄ ብዬ እኮ ነው…"

"እሱም ለልጄ ነበር ያለው። እናትህ ናት ያቺ ልጅ፤ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችበትም። አንተ፣ ሰው ለቀንድ ብሎ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ እኔ አላስቆመውም፤ አስጠልቶኝ እኖራለሁ። የቱ ይሻላል ብሎ የጠየቀው ግን አንተን ነው። አንተን!"

ናሆም ተነሳ። ሰፊውንም ቀጭኑንም፣ ያን ጃንጥላውንም መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፣ ቦርሳውን ዘጋ፣ ጉልበቴን ስሞ ወጣ። ሶፋውን በበረኪና ሦስቴ አሸሁት። አልማዝ ደውላ "እማዬ፣ ሥራውን ይሥራበት፣ ምን አገባሽ" አለችኝ። የሱ ሚስት ደግሞ፣ የዋህ ናት፣ ለሥጋው ትልቅ ድስት ከየት እንደምትዋስ ትጠይቀኛለች። ያን ሳምንት እንጀራ በአፌ ሲዞር ከረመ። ዝንብ ባየሁ ቁጥር ያ ልጅ የቱን ሰጠው ይሆን እላለሁ።

ትናንት ከሰዓት ሩት፣ ናሆም የደወለበትን ስልክ ይዛ እየሮጠች መጣችልኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ነፋስ ይሰማል። "እማማ! እማማ፣ ይሰማዎታል? ሰፊውን ነው የሰጠሁት… እዛው ወደቀ… ሮጬ ነበር፣ አልደረስኩበትም። በክት ሆነ። ተውነው።" ድምፁ የተከፋ ይመስላል። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እልል አልኩ። በዚህ በረገፈ ጥርሴ እልልታው ግቢውን ሞላው። ከድር ከሱቁ ወጥቶ በአጥር በኩል "እማማ አስካለ፣ ምን ተገኘ?" ይላል። "በክት!" አልኩት። "አስተግፊሩላህ!" ብሎ ሳቀ ልጁ፣ ልክ እንዳባቱ።

ወዲያው ደግሞ ስልኩ ጢን አለ። ፎቶ ልኳል፤ ፈረንጁ ከአጋዘኑ ሬሳ ራስጌ ተንበርክኮ ጥርሱን እያሳየ ነው አለችኝ ሩት። እልልታዬ አፌ ላይ ደረቀ። ልታሳየኝ ስትል ፊቴን አዞርኩ።

"አታሳዪኝ። አንድ ነገር ብቻ አይተሽ ንገሪኝ። ዓይኑ ላይ ዝንብ አለ?"

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ፎቶውን በጣቷ አሰፋችው፣ አየችው።

"የለም እማማ።"

"በደንብ እዪ።"

"አንድም የለም።"

"በይ እንግዲያው ለናሆም ሚስት ደውይላት" አልኳት። "ትልቁን ድስት መዋሱን ተዪው በያት፤ ክርስትናው በሽሮ ነው።"